እማዬን ወደ መስኮቱ አዙሪያት

ጥቅምት 4

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለድንቡሼ፤

ይህች ወረቀት እጅሽ ስትገባ አንቺንም አያትሽን እማዬንም በጤና ታግኛችሁ። እኔ ከብርዱና ከብቸኝነቱ በቀር የሚከፋኝ የለም፤ ሁለቱንም ለምጃቸዋለሁ። ድንቡሼ ማለቴን እንዳትቀየሚኝ። ስሄድ የአራት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ጉንጭሽ ቀድሞሽ በር የሚገባ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "ይቺን ልጅ አፍንጫዋን ማን ይፈልግላት" ትል ነበር። አሁን ሃያ ስድስት እንደሞላሽ አውቃለሁ፤ ሌላ ስም ግን ከአፌ አይወጣም።

በፎጣ ጠቅልዬ የላክሁልሽ ካሜራ ነው። የምሠራበት ፎቶ ቤት ባለቤት አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ "ከፈለግሽ ውሰጂው" አለኝ። በዕድሜ ከኔ ብዙም አያንስም፤ ልዩነታችን የእሱ መገጣጠሚያ ሁሉ መሥራቱ ነው።

ለምን እንደላክሁልሽ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። የእማዬን ፊት ማየት እፈልጋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በእጄ ያለችው ስሄድ የሰጠችኝ ጉርድ ፎቶዋ ብቻ ናት፤ እሷም ከመነካካቷ ብዛት አፍንጫዋ ጠፍቷል። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ሳነሳ ነው የምውለው። "ቀና ይበሉ፣ ጆሮዎ ይታይ፣ አይሳቁ።" በቀን ሠላሳ፣ አርባ ፊት፤ አንድም የማውቀው የለበትም። ቤቴ ስገባ እማዬን ላስታውስ ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣልኝ ያቺ ጉርድ ፎቶ ናት እንጂ እሷ አይደለችም። ይሄ ነው ያስፈራኝ።

እንዳልመጣ የመኖሪያ ወረቀቴ ገና ነው። ሳይጨርሱልኝ ከወጣሁ መመለስ የለም። ለከርሞ ይደርሳል ብለውኛል፤ ለእማዬም እንዲሁ ንገሪያት።

አሁን ወደ ትምህርቱ። ካሜራ ማለት ጨለማ ሣጥን ነው፤ ሰዎች ሲያካብዱት አትስሚያቸው። ብርሃን በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ፊልሙ ላይ ያርፋል፣ በቃ። የኋላውን ክዳን ክፈቺ። አብሬ የላክሁልሽን ፊልም በግራ በኩል አስቀምጪና ምላሱን ስበሽ በቀኝ ያለው ዘንግ ስንጥቅ ውስጥ አስገቢ። ዝጊና ሁለት ጊዜ አጠንጥኚ። ሠላሳ ስድስት ፎቶ ያነሳልሻል። ሲያልቅ ወደ ቤቱ መልሰሽ ጠቅልይና ሳትከፍቺ ላኪልኝ፤ እዚሁ ጨለማ ክፍላችን ውስጥ አጥቤ ፎቶዎቹን እመልስልሻለሁ። እያንዳንዱን ስታነሺ ምን እንዳደረግሽ በቁጥር ደብተር ላይ ጻፊ።

እማዬን ውጪ፣ ጥላ ያለበት ቦታ አስቀምጫት፤ ሦስት እርምጃ ራቂና አንሺ። ፊቷ ይታይ። ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

እጇን ሳሚልኝ።

አክስትሽ


ኅዳር 19

ለተከበሩ አክስቴ፤

የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እማማም እኔም ደህና ነን። ካሜራው ሳይሰበር ደርሷል። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ አስከፍቶኝ ሦስት ጊዜ ካገላበጠው በኋላ "ይሄ ነገር ያነሳል ወይስ ለጌጥ ነው?" አለኝ። "አክስቴ ያነሳል ብላለች" አልኩት። "እንግዲህ አክስትሽ ካለች" ብሎ አስፈረመኝ።

እማማ ስታየው መጀመሪያ ያለችው "ምነው እሷ ራሷ በፎጣ ተጠቅልላ በመጣች" ነው። ከዚያ በእጇ ይዛ መዘን መዘን አደረገችውና መለሰችልኝ። ለከርሞ እንደሚመጡ ነገርኳት። "የአሁኑ ከርሞ ስንተኛው ነው?" አለችኝ። እኔም አልቆጠርኩም።

ሠላሳ ስድስቱንም አንስቼ ይኸው ልኬያለሁ። ደብተሩ ላይ እንዳሉኝ ጽፌያለሁ፤ ጽሕፈቴ ካልተነበበልዎ ጥፋቱ የብዕሩ ነው። ከቻሉ ሁለተኛ ፊልም ይላኩልኝ። እዚህ ስጠይቅ ባለሱቁ "ፊልም የሚታየው ሲኒማ ቤት ነው" ብሎ ሳቀብኝ።

ጤና ይስጥልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 3

ድንቡሼዬ፤

ቤቱም ሰዉም ሰላም ይሁንልሽ። ፊልምሽን አጠብኩት። ባዶ ነው። ሠላሳ ስድስቱም ባዶ ነው።

ከሥራ በኋላ ሁሉም እስኪወጡ ጠብቄ ነበር ያጠብኩት፤ ብቻዬን ልያት ብዬ። ፊልሙን አንጠልጥዬ ብርሃን ላይ ሳየው ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ መስኮት መስተዋት ጥርት ያለ ነው። እንደ ሞኝ አለቀስኩ። ከዚያ ደብተርሽን ሳነብ "ቁጥር ሃያ ሁለት፣ እማማ፣ በጣም ጥሩ ይመስለኛል" የሚል አገኘሁና ሳቄ መጣ።

አንቺ ስታነሺ ፊልሙ ቤቱ ተኝቶ ነበር። ምላሱ ዘንጉን አልያዘም። ይሄ የሁሉም ጀማሪ ዕዳ ነው፤ እኔ ተለማማጅ ሳለሁ አንድ ሙሉ ሠርግ በባዶ ካሜራ አንስቼ አለቃዬ ሳምንት አላናገረኝም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስታጠነጥኚ ከላይ በግራ በኩል ያለችውን ክብ ቁልፍ እያት። አብራ ከዞረች ፊልሙ እየሄደ ነው፤ ካልዞረች አየር ነው የምታነሺው።

አሁን ዋናው ነገር። የብርሃኑን መጠን የምትወስኚው በሁለት ነገር ነው፤ በቀዳዳው ስፋትና መዝጊያው ተከፍቶ በሚቆይበት ጊዜ። መጋረጃን በሰፊው ከፍተሽ ቶሎ ብትዘጊው ወይ በጠባቡ ከፍተሽ ብታቆዪው ክፍሉ የሚያገኘው ብርሃን ያው ነው። የቀዳዳው ቁጥር ግን ግራ እንዳያጋባሽ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል። ይሄን የፈለሰፈው ሰው ነገር ማጣመም የሚወድ ነበር መሰለኝ። ፀሐይ ሲሆን 16 ላይ አድርጊ፣ ደመና ሲሆን 8፤ መዝጊያውን 125 ላይ ተይው። ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ ከሆነ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ክፈቺ፣ መዝጊያውን 30 አድርጊ፣ ካሜራውን የሆነ ነገር ላይ አስደግፊና ትንፋሽሽን ያዢ። እጅ ከተንቀጠቀጠ ፎቶው ይንቀጠቀጣል።

ርቀቱን ደግሞ ካሜራው አያውቅልሽም። አንቺ ገምተሽ ሌንሱ ላይ ያለውን ቀለበት ታዞሪያለሽ።

አንቱታውን ተይው። አንቱ ስትዪኝ የቀበሌ ማመልከቻ የማነብ ይመስለኛል። ሁለት ፊልም ልኬያለሁ፤ አንዱን የፈለግሽውን አንሺበት፣ ግን እማዬን አትርሺ።

አክስትሽ


የካቲት 18

ለተከበሩ አክስቴ፤

እንደምን ከረሙ? እኛ ደህና ነን። አንቱታውን ልተው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ እጄ ራሱ ይጽፈዋል።

ባዶ ነው ያሉኝን ለእማማ ሳነብላት "እኔም ባዶ ሆኛለሁና እውነቱን ነው" ብላ አሾፈች። ደብዳቤዎን ሁሉ ጮክ ብዬ ነው የማነብላት፤ የቀዳዳውን ቁጥር ሳይቀር ሁለቴ አስነብባኛለች። ያ የቁጥሩ ነገር ለኔ አላስቸገረኝም። የክር ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ክሩ ይቀጥናል።

ልብስ ስፌት ፋብሪካውን ባለፈው ዓመት ለቅቄ ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። እማማ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው። የስፌት መኪናዬን መስኮቱ ሥር አድርጌዋለሁ። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ስሰፋ ብርሃኑ በግራዬ ካልመጣ አይታየኝም፤ ስለዚህ ብርሃን ከየት እንደሚገባ በየሰዓቱ አውቀዋለሁ።

በዚህኛው ፊልም ቁልፏ ስትዞር በዓይኔ አይቻለሁ። ደረጃውን፣ የተሰጣ ልብስ፣ ማዶ ያለውን ፀጉር አስተካካይ፣ ድመታችንን፣ እማማን አንስቻለሁ። ፀጉር አስተካካዩ ካሜራውን ሲያይ ደንበኛውን አስነስቶ ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሰውዬው ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ቆሞ ጠበቀ። ድመቷ "ነገረኛ" ትባላለች። ማንንም አትወድም፣ ፀሐይ ግን ትወዳለች።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ጫፉ የሚታጠፍ ስትሮ ካገኙ አንድ እሽግ ይላኩልኝ። ለጎረቤት ነው።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 25

ድንቡሼ፤

ይኸውልሽ ፎቶዎችሽ። እሰይ! ልጅቷ ዓይን አላት። ድመቷን ያነሳሽበትን በትልቁ አሳድጌዋለሁ። ፀሐይ ፊቷ ላይ ናት፣ ርቀቱ ልክ ነው፣ ጢሟን እየነጠልሽ መቁጠር ይቻላል። አለቃዬ "ማነው ያነሳው?" አለኝ። "የኔ ወገን" አልኩት። ከመጣሁ ጀምሮ "የኔ ወገን" ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ደግሞ ወቀሳ። ፀጉር አስተካካዩ ከራሱ ላይ የመብራት ምሰሶ በቅሎበታል። ሰውየውን ብቻ ስላየሽ ነው፤ ከማንሳትሽ በፊት ከጀርባው ያለውን እዪ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ብትዪ ምሰሶው ይለቀው ነበር። ደረጃው ላይ ደግሞ የተቀመጠችውን ትንሽ ልጅ ልክ መሐል ላይ ተክለሻታል። ፎቶውን በሐሳብሽ በቁምም በአግድምም ሦስት ቦታ ክፈይው፤ የምትፈልጊውን ሰው መሐል ሳይሆን መስመሮቹ የሚገናኙበት አካባቢ አድርጊው። የሚያይበት አቅጣጫ ክፍት ይሁንለት። ሕግ አይደለም፤ ግን ሕጉን ሳያውቁ መጣስ ስህተት ነው። ስትቀርቢ አናት የሚቆረጥብሽም የምታዪባት ትንሿ መስኮት ከሌንሱ ከፍ ብላ ስላለች ነው፤ አንቺ የምታዪውና ሌንሱ የሚያየው አንድ አይደለም። ካሜራውን ትንሽ ቀና አድርጊው።

እማዬ። አምስት ፎቶ አለሽ፣ አምስቱም ላይ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታለች። ከሰል መስላ ነው የወጣችው። ያንቺ ዓይን ጥላ ውስጥም ፊቷን ያያል፣ ፊልም ግን እንዲያ አይችልም፤ ከኋላዋ ያለውን ብርሃን አይቶ እሷን ይተዋታል። ነገሩን በቃልሽ ያዢው፤ እማዬን ወደ መስኮቱ አዙሪያት፣ አንቺ ጀርባሽን ለመስኮቱ ስጪ። በቃ ይሄ ነው።

ትከሻዋን ግን አውቄዋለሁ። ቀኙ ከፍ ይላል፣ ድሮም እንዲሁ ነበር። ያንን ጥቁር ጥላ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ስትሮውም ተልኳል።

አክስትሽ


ግንቦት 8

ለተከበሩ አክስቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ፎቶዎቹ ደርሰዋል፣ ፀጉር አስተካካዩ የራሱን ከነምሰሶው መስተዋቱ ላይ ሰክቶታል። ስለ ስትሮው እግዜር ይስጥልኝ። እማማ ትንሽ ጉንፋን ነገር ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። ሦስተኛውን ፊልም ልኬያለሁ።

የምርኩዝ ጫፍ ላይ የሚገባ ጎማ እዚያ ይሸጣል? እዚህ ያለው ቶሎ ያልቃል።

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 30

ድንቡሼ፤

ጤናሽን እግዜር ይጠብቅልሽ። የዛሬው ትምህርት አይደለም።

ፎቶዎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬ ተቀምጫለሁ። እማዬ አሥራ አንድ ቦታ አለች። በሦስቱ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታለች፣ ወደ መስኮቱ አዙሪያት ካልኩሽ በኋላ። በአንዱ ሻሿን ወደ ፊቷ ስባዋለች። በአንዱ ጎንበስ ብላ ድመቷን ታያለች፣ አናቷ ብቻ ነው። በስድስቱ የቀኝ ጎኗ ነው የሚታየው፤ ስድስቱም ቀኝ።

እኔ ብዙ ጀማሪ አስተምሬያለሁ። ጀማሪ ሲሳሳት እንደመጣለት ነው። አንዴ ይጨልምበታል፣ አንዴ ይነጣበታል፣ አንዴ እግር ቆርጦ ሰማይ ያነሳል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚሳሳት ጀማሪ አላየሁም። ደግሞ አንቺ ብርሃን ከየት እንደሚገባ በየሰዓቱ አውቀዋለሁ ብለሽ የጻፍሽልኝ ነሽ። የድመቷን ጢም ቆጥሬዋለሁ፣ በአንድ በኩል ዘጠኝ ነው። ድመት ያልሳተ ሰው እናቴን አይስትም።

ስትሮው ለጎረቤት ነው አልሽኝ። የምርኩዙ ጎማስ ለማን ነው? የእማዬ ግራ ፊት ምን ሆነ?

ንገሪኝ። ክፉ ነው ብለሽ አትደብቂኝ፤ ከደበቅሽኝ እኔ እዚህ ሆኜ በሐሳቤ ከዚያ የባሰ ፊት እሠራለሁ። ሥራዬ ፊት መሥራት ነው።

አክስትሽ


ነሐሴ 27

አክስቴ፤

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። አንቱ አትበይኝ ስትዪኝ ከረምሽ፤ ይኸው ዛሬ አንቺ አልኩሽ። ተቆጥቻለሁ፣ አንቱ እያሉ መቆጣት ደግሞ አልችልበትም።

ካሜራሽ ከመምጣቱ አራት ወር በፊት እማማ ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሳ ወደቀች። ደም ግፊት ነው አሉን። ግራ እጇ አይታዘዛትም፣ ግራ እግሯን ትጎትታለች። ፊቷ በግራ በኩል ወርዷል። ዓይኗ ሙሉ በሙሉ አይከደንም፣ የአፏ ጥግ ውሃ አይይዝም። ስትሮው ለሷ ነው። ፋብሪካውን የለቀቅሁትም በዚያ ሳምንት ነው።

ያኔ ልጽፍልሽ ብዕር ሳነሳ አስማለችኝ። "እሷ የምታውቀው አንድ ፊት ነው። እሱን እንዳትነጥቂያት" አለችኝ። ካሜራው ሲመጣ ደግሞ ቸገረን። እምቢ ብትል ትጠረጥሪያለሽ። "አንሺኝ፣ ግን እንዳልታይ አድርጊ" አለች። እንግዲህ አንቺ እንዴት እንደሚታይ ስትጽፊልኝ እኔ እንዴት እንደማይታይ ተማርኩበት። ጀርባዋን ለመስኮት ከሰጠች ፊቷ ይጨልማል ስትዪኝ እማማ "ጎሽ፣ እንደዚያው እንቀጥል" አለች። አብረን ሳቅን። ፎቶ የምናነሳበት ቀን ደስ ይላት ነበር።

የተቆጣሁት ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ስለ ፊቷ ጠየቅሽ፣ ስለ ትከሻዋ ጻፍሽ፣ የድመቷን ጢም ቆጠርሽ። አንድ ቀን "አንቺስ?" አላልሽም። ማን ከአልጋ እንደሚያነሳትና እንደሚያጥባት አልጠየቅሽም። ሊያገባኝ የሚፈልግ ሰው ነበር፤ ጠብቆ ጠብቆ ሰለቸው፣ አልፈርድበትም። ቀኑን ሙሉ ከመኪናው ድምፅ በቀር የሚያናግረኝ የለም፤ እማማ ስትናገር ይደክማታል። ያንን ሁሉ ፎቶ አነሳሁልሽ፣ አንዱ ላይ እንኳ እንደሌለሁ አላየሽም። አንቺ ባለሙያ ነሽ።

የመጨረሻውን ደብዳቤሽን አነበብኩላት። የድመቷ ጢም ጋ ስደርስ "ድሮም እሷን ማታለል አይቻልም ነበር" አለች፤ ኮራችብሽ። ከዚያ ደብዳቤውን አሳጠፈችኝ። ቃል በቃል ያለችውን ልጻፍልሽ። "ፊቴን ማየት ከፈለገች መጥታ ትይ። በእጇ እየነካች ትይ። በወረቀት ግን አላሳይም።"

ለመንኳት። ነገም እለምናታለሁ። የእማማን እምቢታ ግን ታውቂዋለሽ።

የእህትሽ ልጅ


ጥቅምት 10

የእህቴ ልጅ፤

ደብዳቤሽን ሱቁ ውስጥ ነው ያነበብኩት። አንድ ሰውዬ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ተቀምጦ ነበር፤ ቀና ይበሉ ብዬው መጋረጃ ጀርባ ገባሁና ሳልወጣ ቀረሁ። አለቃዬ ነው ያነሳው።

እውነትሽን ነው። አንቺስ አላልኩም። ያለኝ እፍረት ብቻ ነው። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ትቻችሁ ስወጣ ቤቱን እንደነበረ በሐሳቤ ቆልፌው ነበር፤ እማዬ በዚያ ፊት፣ አንቺ በዚያ ጉንጭ። እያደርሽ እንደምታድጊ፣ አንድ ቀን እሷን ተሸክመሽ እንደምታጥቢ ጭንቅላቴ ውስጥ ቦታ አልሰጠሁትም። ይቅር በይኝ።

ስለ መምጣት። ወረቀቴ ዘንድሮም አላለቀም። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሳምንት ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ልብሴን ከተትኩ፣ የመጣው ይምጣ ብዬ። ከዚያ የመድኃኒቷን ዋጋ አሰብኩ፣ አንቺ ፋብሪካውን መልቀቅሽን አሰብኩ። እዚያ መጥቼ ሥራ ፈትቼ ብቀመጥ ሦስታችንም የምንተያየው ባዶ ቤት ውስጥ ነው። ልብሱን መልሼ አወጣሁት። "ለከርሞ" የሚለው ቃል የኔ እንዳልሆነ እወቂልኝ፤ የመኖሪያ ወረቀቱ ቢሮ መስኮት ጀርባ ያለችው ሠራተኛ ናት በየዓመቱ የምትለኝ፣ እኔ ሌላ ቃል ስለሌለኝ ለእናንተ አቀብላለሁ። ከእንግዲህ አልልም። ሲያልቅ አልቋል ብዬ እጽፋለሁ።

እማዬን አትለምኛት። ፊቷ የራሷ ነው። እኔ እንኳ ጉርድ ፎቶ ሳነሳ አልፈልግም ያለን ሰው አላስገድድም። ልመናዬን አንስቻለሁ፣ ንገሪያት።

ሌላ ልመና አለኝ። ያንቺን ፊት ላኪልኝ። ፀጉር አስተካካዩ ያንሳሽ፣ ማንም ያንሳሽ። ቀና በይ፣ አትሳቂ አልልሽም፤ እንደፈለግሽ ሁኚ። ለሷ ብዬ አይደለም፣ ማስታረቂያም አይደለም። መንገድ ላይ ብንተላለፍ ሳላውቅሽ ነው የማልፈው፣ ይሄ ደግሞ ነውር ነው።

አንድ ፊልም ልኬያለሁ። የመድኃኒቷን ስም ጻፊልኝ።

አክስትሽ


ኅዳር 28

አክስቴ፤

እንዴት ነሽ? ሳትጠይቂኝ ስለከረምሽ ልወቅስሽ ሳይሆን ከልቤ ነው የምጠይቅሽ፤ ብርዱ እንዴት አደረገሽ? ማን አለሽ? አንድ ቀን ጻፊልኝ።

ደብዳቤሽን ሳነብላት እማማ "ልመናዬን አንስቻለሁ" የሚለው ጋ አስቆመችኝና አስደገመችኝ። አለቀሰች። የግራ ዓይኗ እንባ አይይዝም፣ ስለዚህ ስታለቅስ አይደበቅም።

ፎቶ እንዲያነሳኝ ፀጉር አስተካካዩን ልጠራ ስነሳ "የት ትሄጃለሽ? አምጪው" አለችኝ። ምን አምጪው እላለሁ፣ ካሜራውን ነው። "አንቺ አትችዪም" ብላት "ስትማሪ የከረምሽው እኔ ጆሮ ሥር አይደል?" አለችኝ። እውነትም ሁሉን ታውቀዋለች። መስኮቱን ጀርባዋ አድርጋ ተቀመጠች፣ እኔን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞረችኝ። የመኪናዬን ጠረጴዛ ስቤ ትራስ አስቀመጥኩላት፣ ካሜራውን በቀኝ እጇ ትራሱ ላይ አስደገፈች። ርቀቱን "ሁለት ሜትር፣ ሁለት ሜትር" እያለች አስዞረችኝ። ከዚያ "ሦስት ቦታ ክፈይው ብላለች፣ ወደዚያ በይ" አለችኝ። "አሁን ደግሞ በዛ፣ ተመለሽ።" ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ስስቅ አነሳችኝ፣ አምስት ጊዜ። በየመሐሉ እኔ ነኝ ያጠነጠንኩላት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ "ፎቶዬ ደረሰ? ምን አለች?" ትለኛለች። ገና ፖስታ ቤት አልሄደም ስላት ትቆጣኛለች። ስለዚህ ይኸው ፊልሙን ሳልጨርሰው ልኬዋለሁ።

ምን እንዳልሽ ቶሎ ጻፊላት።

የእህትሽ ልጅ


ጥር 12

የእህቴ ልጅ፤

ከሥራ በኋላ ሁሉም እስኪወጡ ጠብቄ አጠብኩት። ማን አለሽ ላልሽው፣ ጨለማ ክፍሉ ነው ያለኝ። አራቱ አልወጡም፤ ተንቀጥቅጠዋል። አምስተኛው ወጥቷል።

ቀጥ ያለ ነገር የለውም። ግድግዳው ያዘመመ ነው፣ አናትሽ ተቆርጧል፣ ግራ ክንድሽ የለም። አንቺ ግን አለሽ። እንደ እናትሽ ነው የምትስቂው፣ ዓይንሽን ሙሉ በሙሉ ጨፍነሽ። ጉንጭሽ የት እንደሄደ አልጠይቅም፣ አውቀዋለሁ። ከዓይንሽ ሥር ያለውን ድካም አይቻለሁ። ላጠፋልሽ እችል ነበር፣ በየቀኑ ለሰው የማደርገው ነው፤ ግን አልነካሁትም። ድንቡሼ ማለትን ትቻለሁ።

በቀኝ በኩል፣ ከላይ እስከ ታች፣ የፎቶውን ሲሶ የሸፈነ ነጣ ያለ ብዥታ አለ። አለቃዬ አይቶት "ይሄኛውን ቁረጪው፣ ልጅቷ ብቻ ትቅር" አለኝ። እኔ መጀመሪያ ፊልሙ ላይ ብርሃን ገብቶ መስሎኝ ነበር። በትልቁ ሳሳድገው ነው የገባኝ። የእማዬ ጣት ነው። ስታነሳሽ ሌንሱ ላይ አርፎ ነበር፣ እሷ ደግሞ በካሜራው ላይኛዋ ትንሽ መስኮት ስለምታይ አላወቀችም። መሥመር የለው፣ ጥፍር የለው፤ ጣት ነው ብዬ ባልነግርሽ ደመና ይመስልሻል። ሳልቆርጥ አሳድጌ አልጋዬ ፊት ለፊት ሰቅዬዋለሁ። ጠዋት ስነሳ እጄን አደርግበታለሁ።

ምን አለች ስትልሽ እንዲህ በያት። ብርሃኑ ልክ ነው፣ ርቀቱ ልክ ነው፣ ጎበዝ ናት። ሁለት ፊልም ልኬላታለሁ፤ የፈለገችውን ታንሳበት።

ሌላ ተማሪ ቢሆን ጣትህን ከሌንሱ ላይ አንሳ ብዬ እጽፍለት ነበር። ለእሷ ግን እንዳትነግሪያት።

አክስትሽ